ከሞላው በፊት ጎማው

ሃይብሪድ የሚባለው ብስክሌት የሁለት ቤት ልጅ ነው። ትልቁንና ቀጠን ያለውን ቸርኬ ከኮርስ ብስክሌት ወርሷል፤ ቀጥ ያለውን መሪ፣ ዳገት የሚያወጣውን ቀላል ማርሽና ብዙ ጊዜም ባለሞላውን የፊት ሹካ ደግሞ ከማውንቴን። አስፋልት ላይ ከማውንቴን ይፈጥናል፣ ኮሮኮንች ላይ ከኮርስ ይሻላል። ሥራ ለመመላለስ፣ ገበያ ደርሶ ለመምጣት፣ ቅዳሜ ከከተማ ወጣ ለማለት የሚገዛው በአብዛኛው ይኸው ነው። ዓመት ያህል ከተነዳ በኋላ ግን ባለቤቱን አንድ ሐሳብ ይይዘዋል፦ ይህን ብስክሌት ምኑን ባሻሽለው ይሻለኛል? እጅ ላይ ያለችው ገንዘብ ሁሉን አታዳርስም። ለውጥ የሚታሰብባቸው ዋናዎቹ ክፍሎች ደግሞ ሦስት ናቸው፤ ጎማው፣ ቸርኬውና የፊት ሹካው። የብዙ ሰው ዓይን መጀመሪያ የሚያርፈው ሹካው ላይ ነው፤ ወፍራም ነው፣ ያብረቀርቃል፣ ሲጫኑት ወረድ ብሎ ይመለሳል። ቀጥሎ ቸርኬው ይታሰባል፤ ቀላል ቸርኬ ያፈጥናል ሲባል ሰው ሁሉ ሰምቷልና። ጎማው የሚታወሰው ሲያልቅ ወይም ሲበሳ ነው። ይህ ምዕራፍ ቅደም ተከተሉ መገልበጥ አለበት ብሎ ይከራከራል። ለሃይብሪድ ብስክሌት ምቾትም ፍጥነትም ከሁሉ በፊት የሚገኘው ከጎማው ነው። ቸርኬው የሚለወጠው ሁኔታው ሲያስገድድ ነው። ባለሞላው ሹካ በመጨረሻ የሚመጣ ነው፤ አንዳንዴም ጭራሽ ወጥቶ በሞላ አልባ ሹካ ቢተካ ብስክሌቱ ይበልጥ ይሻሻላል።

ምክንያቱን ለማየት ነፋስ የሚሞላ ጎማ ወዳልነበረበት ዘመን መለስ ማለት ይጠቅማል። (በዚህ ምዕራፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ስኮትላንዳዊው ሮበርት ዊሊያም ቶምሰን በነፋስ ለሚሞላ ጎማ የፈጠራ መብት ያወጣው በ1845 ነበር። ያኔ ግን ጎማውን የሚፈልግ ብስክሌት ገና ስላልተስፋፋ ሐሳቡ ተረሳ። በ1888 ቤልፋስት ከተማ የእንስሳት ሐኪም የነበረው ሌላው ስኮትላንዳዊ ጆን ቦይድ ደንሎፕ የልጁን ባለሦስት እግር ብስክሌት መንገጫገጭ ለማለዘብ ሲጣጣር ያንኑ ሐሳብ እንደ አዲስ ደረሰበት። ደንሎፕ የፈለገው ለልጁ ምቾት ነበር። በቀጣዩ ዓመት ግን ዊሊ ሂዩም የተባለ ተወዳዳሪ በዚያው በቤልፋስት በነፋስ ጎማ ለውድድር ቀርቦ ደረቅ ጎማ የገጠሙትን ቀደማቸው። በ1891 ደግሞ ፈረንሳዊው ሻርል ቴሮ በሚሽለን ጎማ ከፓሪስ እስከ ብሬስት ደርሶ መልስ፣ 1,200 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነውን ውድድር አሸነፈ። ለምቾት ተብሎ የተሠራው ነገር ፈጣን ሆኖ የተገኘው በአጋጣሚ አይደለም። መንገጫገጭ ጉልበት ይበላል። ደረቅ ጎማ ድንጋይ ሲያገኝ ብስክሌቱንም ነጂውንም በአንድነት ወደ ላይ ያነሳቸዋል፤ ለዚያ ማንሻ የሚውለው ጉልበት ወደፊት ከሚገፋው ጉልበት ላይ የሚቀነስ ነው። በነፋስ የተሞላው ጎማ ግን ድንጋዩን ይውጠዋል፤ ከመሬት ጋር የሚነካካው ትንሽ ክፍል ብቻ ወደ ውስጥ ጎድጎድ ይልና ድንጋዩ ሲያልፍ የወሰደውን ጉልበት አብዛኛውን መልሶ ይሰጣል። ነጂው ባለበት ከፍታ ይቀጥላል።

እንግዲህ ጎማ ራሱ ሞላ ነው፤ ያውም በብስክሌቱ ላይ ካሉት ሞላዎች ሁሉ ፈጣኑ። የሹካው ሞላ እንዲሠራ ቸርኬው፣ ጎማው፣ ፍሬኑና የሹካው የታችኛው ክፍል በአንድ ላይ መነሳት አለባቸው። ይህ በኪሎ የሚቆጠር ክብደት ነው። የጎማው ሞላ እንዲሠራ የሚንቀሳቀሰው ግን ጥቂት ግራም ላስቲክ ነው። በዚህ ላይ የሰበቃ ነገር አለ። በመካከለኛ ዋጋ ሃይብሪድ ላይ የሚገጠመው ሹካ ብዙ ጊዜ 63 ሚሊ ሜትር ያህል የሚወርድ፣ ውስጡ የብረት ሞላ ያለበት፣ ከ2 ኪሎ የሚበልጥ ዕቃ ነው። በዘይት የሚሠራ ማርገቢያ ወይ የለውም፣ ወይም ያለው ለስሙ ነው። ቱቦ በቱቦ ውስጥ ሲንሸራተት የሚፈጠረው ሰበቃ ደግሞ ከፍተኛ ነው፤ ሹካው ንቅንቅ እንዲል በመጀመሪያ ያንን ሰበቃ የሚያሸንፍ ምት ይፈልጋል። ትልቅ ጉድጓድ ውስጥ ሲገቡ ይሠራል። የኮብልስቶን መንገድ በሰከንድ ብዙ ጊዜ የሚልከውን ትንንሽ ምት ግን አይሰማውም፤ ምቱ ሹካው ተኝቶ ሳለ ቀጥ ብሎ ወደ እጅ ይወጣል። ጎማ እንዲህ ያለ መሰናክል የለበትም፤ የአንድ ሚሊ ሜትርም ምት ቢሆን ይቀበላል። ሌላም ልብ የማይባል ነገር አለ። ሃይብሪድ ላይ ነጂው ቀና ብሎ ስለሚቀመጥ ከክብደቱ ከግማሽ በላይ የሚያርፈው በኋለኛው ጎማ ላይ ነው፤ የፊት ሹካ ለወገብና ለመቀመጫ አንዳች የሚያደርገው ነገር የለም። ጎማ ግን ፊትም ኋላም አለ።

ይህ ክርክር በወረቀት ላይ ብቻ የሚኖር እንዳይመስል፣ በዓለም ላይ ካሉ የብስክሌት ውድድሮች በድንጋይ መንገዱ የሚታወቀውን ፓሪስ ሩቤን ማየት ይበቃል። ውድድሩ ከ1896 ጀምሮ የሚካሄድ ሲሆን በሰሜን ፈረንሳይ ገጠር ውስጥ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚሆን ያረጀ የድንጋይ ንጣፍ ላይ ያልፋል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ላይ ከማውንቴን የመጣው ባለሞላ ሹካ እዚያ ተሞከረ። ፈረንሳዊው ዢልቤር ዱክሎ ላሳል በ1992 እና በ1993 ያሸነፈው ሮክሾክስ የተባለውን ሹካ ገጥሞ ነው። ለሞላ ሹካ ከዚህ የበለጠ ምስክር ማን ያመጣል? ነገር ግን ቀጥሎ የሆነውን እንመልከት። ሹካው ጥቂት ዓመታት ታይቶ ከዚያ መንገድ ጠፋ። በእሱ ፈንታ ዓመት በዓመት እየሰፋ የመጣው ጎማው ነው። ድሮ 23 እና 25 ሚሊ ሜትር ላይ የነበረው ስፋት ዛሬ 30 ሚሊ ሜትርን አልፏል፤ የሚሞላውም ነፋስ ቀንሷል። ማቲው ቫን ደር ፑል በ2024 ያንን መንገድ በሰዓት በአማካይ 47.8 ኪሎ ሜትር ሲያቋርጠው የውድድሩ ክብረ ወሰን ሆኖ ተመዝግቧል፤ የገጠመው ሹካ ሞላ አልነበረውም። ገንዘብና መሐንዲስ የማይቸግራቸው ቡድኖች ሁለቱንም መንገድ ሞክረው የመረጡት ጎማውን ነው። እርግጥ እነሱ የሚሄዱት ለውድድር ነው፤ የእኛ ነጂ ጭነት ይዞ፣ ቀና ብሎ፣ በዝግታ ይሄዳል። ልዩነቱ ግን ክርክሩን የሚያጠናክር ነው፤ በዝግታ የሚሄድ ሰው ከአየር ጋር የሚያደርገው ትግል ያንሳልና የጎማው ድርሻ ይበልጥ ይጎላል።

እስኪ በቁጥር እንየው። ነጂው፣ ብስክሌቱና ቦርሳው በአንድ ላይ 90 ኪሎ ይመዝናሉ እንበል፤ ሜዳ ላይ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ይሄዳሉ። ጎማ ሲንከባለል በየዙሩ እየተጣጠፈ የሚያባክነው ጉልበት አለ፤ መሐንዲሶች ይህን በአንድ ትንሽ ቁጥር ይገልጹታል። ወፍራም፣ ደረቅ ላስቲክ ያለው ርካሽ ጎማ 0.008 ገደማ፣ ከላስቲኩ ሥር ያለው ሸራ ለስላሳ የሆነ ጥሩ የከተማ ጎማ 0.005 ገደማ ብንወስድ፣ የመጀመሪያው 39 ዋት፣ ሁለተኛው 25 ዋት ይበላል። ልዩነቱ 14 ወይም 15 ዋት ነው። ቀና ብሎ የተቀመጠ ሰው በዚያው ፍጥነት አየሩን ለመሰንጠቅ በባሕር ጠለል ላይ 63 ዋት ያህል ያስፈልገዋል። አዲስ አበባ ላይ ግን ከፍታው ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ አየሩ ከአምስት እጅ አንድ እጅ በላይ የሳሳ ነው፤ 49 ዋት ገደማ ይበቃዋል። ከዚህ የሚወጣው ነገር ቀላል ግን ብዙ ጊዜ የማይነሳ ነው፦ በደጋ ከተማ ለሚነዳ ሰው የአየሩ ድርሻ ስለሚቀንስ የጎማው ድርሻ ይጨምራል። ጎማውን ብቻ በመለወጥ ከሚያወጣው ጉልበት ከመቶ 16 ወይም 17 ያህሉን ያተርፋል። በሃይብሪድ ብስክሌት ላይ በዚህ ዋጋ ይህን ያህል የሚመልስ ሌላ ዕቃ የለም።

እዚህ ላይ የመጀመሪያው ተቃውሞ ይነሳል። «ለምቾት ሰፊ ጎማ ግጠሙ ትላላችሁ፤ ሰፊ ጎማ ግን ይጎትታል፤ የኮርስ ነጂዎች በቀጭን ጎማ፣ ነፋሱን ድንጋይ እስኪሆን ሞልተው የሚሄዱት ለዚህ አይደለም ወይ?» የሚል ነው። አባባሉ ለረጅም ዘመን እውነት መስሎ የኖረው ጎማ የሚለካው በፋብሪካ ውስጥ በለሰለሰ የብረት ከበሮ ላይ ስለነበር ነው። እዚያ ነፋስ በጨመሩ ቁጥር ጎማው እየቀለለ ይሄዳል። መንገድ ግን የብረት ከበሮ አይደለም። ግፊቱ ከአንድ ልክ ሲያልፍ ጎማው መተጣጠፉን ያቆምና ነጂው ራሱ መንቀጥቀጥ ይጀምራል፤ የሰው ሥጋ ደግሞ እያንዳንዱን ንቅንቅታ ወደ ሙቀት ይለውጠዋል። የሲያትሉ የባይሲክል ኳርተርሊ መጽሔት አዘጋጅ ያን ሃይነ ይህንን በተግባር ለማሳየት በአውራ ጎዳና ዳር አሽከርካሪን ለማንቃት በሚሠሩት ሸካራ መስመሮች ላይ ብስክሌት እያስነዳ ኃይሉን ለካ፤ በዚያ ላይ ለመሄድ የሚጠይቀው ጉልበት ለስላሳ አስፋልት ላይ ከሚጠይቀው እጅግ የበዛ ሆኖ ተገኘ። የመሬት ንክኪውንም እንይ። 45 ኪሎ የተሸከመ ጎማ በ4 ባር ግፊት ከመሬት ጋር የሚነካካው 11 ካሬ ሴንቲ ሜትር በሚሆን ስፋት ነው፤ ጎማው ቀጭን ይሁን ሰፊ ይህ ብዙም አይለወጥም። የሚለወጠው ቅርጹ ነው። የቀጭኑ ንክኪ ረጅምና ጠባብ ይሆናል፣ የሰፊው አጭርና ሰፋ ያለ። አጭሩ ንክኪ የጎማውን ጎን በጥቂቱ ስለሚያጥፈው የሚባክነው ጉልበት ያንሳል። ስለዚህ ሰፊ ጎማ የሚጎትተው ሸራው ወፍራምና ደረቅ ሲሆን፣ ወይም እንደ ማውንቴን ጎማ በትልልቅ ጥርስ ሲሞላ ነው። ጥፋቱ የስፋቱ አይደለም። ጥርስ ደግሞ አስፋልትና ኮብልስቶን ላይ፣ ዝናብ ቢዘንብ እንኳ፣ አያስፈልግም፤ ብስክሌት ጎማው ጠባብ፣ ፍጥነቱም ትንሽ ስለሆነ እንደ መኪና ውኃ ላይ ተንሳፍፎ አይንሸራተትም። ጥርስ የሚጠቅመው ጭቃና ልቅ አፈር ላይ ነው።

ስንት ስፋት? መልሱ የሚገኘው ፍሬሙ ላይ ነው። አብዛኛው ሃይብሪድ ከ35 እስከ 42 ሚሊ ሜትር በሚሆን ጎማ ይሸጣል፤ ብዙው ግን ጭቃ መከላከያ ከሌለው 45 ወይም 47 ያስገባል። ጎማውና ፍሬሙ፣ እንዲሁም ጎማውና ሹካው መካከል በሁሉም በኩል ቢያንስ 5 ወይም 6 ሚሊ ሜትር ክፍት ቦታ መቅረት አለበት፤ ቸርኬ ጥቂት ቢጣመም ወይም ድንጋይ ቢይዝ ጎማው ፍሬሙን እንዳይፈጀው። ከ35 ወደ 47 መሄድ ቁጥሩ ሲታይ ትንሽ ይመስላል፤ በውስጡ የሚይዘው አየር ግን ከመቶ 80 ያህል ይጨምራል። ትርፉ ያለው እዚህ ነው። የነፋሱ ግፊት ሊቀንስ ይችላል፣ ቸርኬውም ጉድጓድ ላይ ከድንጋይ ጋር ሳይጋጭ ይቀራል። በኋለኛው ጎማ ላይ 55 ኪሎ ያህል ለሚያርፍበት ነጂ 35 ሚሊ ሜትሩ ጎማ 60 ወይም 65 ፒኤስአይ ግፊት ሲፈልግ፣ 47 ሚሊ ሜትሩ 40 ወይም 45 ይበቃዋል፤ ለፊተኛው ከዚህም ዝቅ ማድረግ ይቻላል። ይህ መነሻ ነው፤ ከዚያ በሁለት በሁለት ፒኤስአይ እየቀነሱ ራስን ማዳመጥ ይገባል። ሰፊ ጎማ ገዝቶ ጎሚስታው ጋ እንደ ቀጭኑ 70 እና 80 ማስሞላት ግን የተከፈለበትን ነገር መልሶ መጣል ነው። ጎማው ሲሰፋ በያንዳንዱ ፒኤስአይ በሸራውና በቸርኬው ጠርዝ ላይ የሚያርፈው ውጥረት ስለሚጨምር አደጋም አለው። ግፊት የሚለካ ጥሩ ፓምፕ ቤት ውስጥ መኖሩ ከብዙ ውድ ዕቃ ይበልጣል፤ ጎማ ሳይበሳም በየሳምንቱ ነፋስ ይቀንሳልና።

ሌላው ተቃውሞ የእሾህና የምስማር ነገር ነው፤ እኔም ከሌሎቹ ሁሉ ይበልጥ ክብደት የምሰጠው ለዚህ ነው። ለስላሳ ሸራ ፈጣን ነው፣ ግን ቶሎ ይበሳል፤ ሁልጊዜ የሚበሳ ጎማ ደግሞ ፈጣን ሊባል አይችልም። መንገዱ ዳር ላይ የተቆረጠ ሽቦና የጠርሙስ ስባሪ የሚበዛበት ሰው ከመሬት ጋር በሚነካካው ክፍል ሥር መከላከያ ንጣፍ ያለውን ጎማ ቢመርጥ ትክክል ነው፤ ጥቂት ዋት ይከፍላል፣ ብዙ ጊዜ ያተርፋል። መጠንቀቅ ያለበት ግን መከላከያው እስከ ጎኑ ድረስ የወፈረውን ጎማ ነው። እሱ በየዙሩ የሚተጣጠፈውን ጎን ስለሚያደድረው ምቾቱንም ፍጥነቱንም በአንድ ላይ ይወስዳል። ደግሞም ከቀዳዳዎቹ መካከል ከእሾህ ያልመጣ አለ፤ ጎማው ጉድጓድ ጠርዝ ሲመታ የውስጡ ጎማ በቸርኬውና በድንጋዩ መካከል ተቆንጥጦ ጎን ለጎን ሁለት ቦታ ይበሳል። እንዲህ ያለውን ቀዳዳ መከላከያ ንጣፍ አያቆመውም፤ የሚያቆመው የጎማው ስፋትና በልኩ የተሞላ ነፋስ ነው።

አሁን ወደ ቸርኬው እንሂድ። ቸርኬ ሲለወጥ የሚቀርበው ምክንያት ሁልጊዜ አንድ ነው፤ የሚሽከረከር ክብደት እጥፍ ይቆጠራል ይባላል። ለምቾትም ይረዳል የሚል አለ። ሁለተኛውን በአጭሩ ማለፍ ይቻላል፤ በደንብ የተወጠረ ቸርኬ በነጂው ክብደት ወደ ታች የሚተጣጠፈው የአንድ ሚሊ ሜትርን ክፍልፋይ ነው። ጎማው በዚያው ክብደት ብዙ ሚሊ ሜትር ይወርዳል። ስለዚህ ከቸርኬ ምቾት አይጠበቅም። የመጀመሪያው አባባል ግን እውነትነት አለው፤ ስሌቱ ትክክል ነው፣ መጠኑ ግን ይረሳል። ጠርዝ ላይ ያለ ክብደት ፍጥነት ሲጨምሩ በእርግጥም እስከ ሁለት እጥፍ ጉልበት ይጠይቃል፤ ወደፊትም ይሄዳል፣ ይሽከረከራልም። ከላይ ያሉት 90 ኪሎ ከቆሙበት ተነስተው በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ለመድረስ 1,400 ጁል ገደማ ይፈልጋሉ። ከቸርኬዎቹ ጠርዝ ግማሽ ኪሎ ብንቀንስ፣ እጥፍ ቆጥረነው እንኳ የምናተርፈው 15 ጁል ነው፤ ከመቶ አንድ ብቻ። አንዴ ፍጥነቱ ከተገኘ በኋላ ደግሞ ሜዳ ላይ ክብደቱ ከዋት ክፍልፋይ በላይ ለውጥ የለውም። «ከተማችን ግን ዳገት ናት» የሚል ይኖራል። ልክ ነው፤ ዳገትም ላይ እናስላው። ከመቶ አምስት በሚያዘነብል ዳገት ላይ በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር ሲወጡ የዚያ ግማሽ ኪሎ ትርፍ 0.7 ዋት ያህል ነው፤ ያው የጎማ ለውጥ ግን በዚያ ዝግታም እንኳ 7 ዋት ያተርፋል። በዳገትም ቢሆን ጎማው አሥር እጥፍ ይበልጣል።

ይህ ማለት ግን ቸርኬ አይለወጥም ማለት አይደለም። ትክክለኛ ምክንያቶች አሉ፤ ከክብደት ይልቅ ጥንካሬን የሚመለከቱ ናቸው። ቸርኬው ተጣሞ ሽቦዎቹን በማስተካከል ሊቃና ካልቻለ፣ ሽቦ በየወሩ የሚበጠስ ከሆነ፣ ወይም ፍሬኑ ጠርዙን ጨብጦ የሚያቆም ዓይነት ሆኖ ጠርዙ ተበልቶ ጎድጎድ ካለ ጊዜው ደርሷል። የተበላ ጠርዝ በነፋሱ ግፊት ተሰንጥቆ ሊከፈት ስለሚችል ይህ ለነገ የሚባል ጉዳይ አይደለም። ብዙዎች የማያውቁት አንድ ሌላ ምክንያት መሃሉ ላይ ባለው ሞዞ ውስጥ ተደብቋል። በርካሽ ብስክሌቶች ላይ የኋላው የማርሽ ስብስብ እንዳለ በሞዞው ላይ በጥርስ የሚጠመዘዝ ነው፤ በዚህ ዓይነቱ በማርሽ በኩል ያለው ኩሽኔታ ወደ ውስጥ ስለሚርቅ ዘንጉ ሳይደገፍ ረጅም ይወጣል፣ ከባድ ሰው ወይም ጭነት ሲያገኝ ይጎብጣል፣ ይሰበራልም። ሺማኖ በ1978 ያወጣው ዓይነት ሞዞ ግን ኩሽኔታውን ወደ ውጭኛው ጫፍ ወስዶ ችግሩን ከሥሩ ነቅሎታል። ዘንግ የሰበረ ሰው ሌላ ዘንግ ከመግዛት ይልቅ እንዲህ ያለ ሞዞ ያለው፣ በ36 ሽቦ በእጅ በደንብ የተወጠረ ቸርኬ ቢገዛ ብልህ ነው።

ቸርኬም ጎማም ሲገዛ ከስም ይልቅ ቁጥር ይታመን። ጎማው ጎን ላይ «40-622» ዓይነት ጽሑፍ ተቀርጿል፤ የመጀመሪያው ስፋቱ፣ ሁለተኛው ጎማው ቸርኬው ላይ የሚያርፍበት ክብ ዲያሜትር ነው፣ ሁለቱም በሚሊ ሜትር። ሃይብሪዱ 700 ሲባል፣ ማውንቴኑ 29 ኢንች ሲባል ሁለቱም 622 ናቸው፤ ስማቸው ይለያይ እንጂ ጎማቸው ይዋዋሳል። 26 ኢንች የሚባለው የማውንቴን ቸርኬ ግን 559 ነው፤ በምንም ተአምር 622 አይገባበትም። የቸርኬው ውስጣዊ ስፋት 19 ሚሊ ሜትር ገደማ ከሆነ ከ35 እስከ 47 ያለውን ጎማ ያለ ችግር ይይዛል፤ ስለዚህ ጎማ ለማስፋት ሲባል ብቻ ቸርኬ መቀየር በአብዛኛው አያስፈልግም። የኋላ ሹካው ክፍተት 135 ይሁን 130 ሚሊ ሜትር፣ ፍሬኑ ዲስክ ይሁን የጠርዝ፣ አስቀድሞ ተለክቶ ይያዝ።

ስለ ሹካው የሚቀርበው ተቃውሞም ጠንካራ ነው። «መንገዳችን ጎማ ብቻ የሚችለው አይደለም፤ ጉድጓድ አለ፣ ድንገት የሚመጣ ጉብታ አለ፣ በኮሪደር ልማት የተሠራው የብስክሌት መስመር አልቆ ሰፈር ሲገባ ኮብልስቶን ይጠብቃል፤ እጅ አንጓው የሚታመም ሰው ምን ይሁን?» ይህን አቃልሎ ማለፍ አይገባም። በዘይት የሚረግብ፣ በነፋስ ለነጂው ክብደት የሚስተካከል ጥሩ ሹካ በእርግጥ ይጠቅማል። ነጥቡ ግን በሃይብሪድ ላይ የተገጠመው አብዛኛው ሹካ እሱ አለመሆኑ ነው። የብረት ሞላው ለ60 ኪሎውም ለ95 ኪሎውም ሰው አንድ ነው። አናቱ ላይ ያለው ማጠንከሪያ ሲዞር ሞላው መጀመሪያ የሚነቃነቅበትን ክብደት ይለውጣል እንጂ የሞላውን ጥንካሬ አይለውጥም፤ ማጠንከሪያ የሚለው ስም ራሱ ያሳስታል። እጅ አንጓ የሚያመው ሰው መጀመሪያ ሰፊ ጎማ፣ ልከኛ ነፋስ፣ መዳፉን የሚደግፍ ሰፋ ያለ የመሪ እጀታ ይሞክር። መንገዱ ኮብልስቶን ከሆነ ሕመሙን የሚያመጣው ያ ተከታታይ ትንሽ ምት ነው፤ ሹካው የማይሰማውም እሱኑ ነው። ከዚያ በኋላም ካልበቃ፣ መንገዱም በእውነት ከከተማ ወጥቶ በድንጋያማ ጥርጊያ የሚሄድ ከሆነ፣ ጥሩ ሹካ ተገቢ ነው፤ ዋጋው ግን ከብስክሌቱ ዋጋ ጋር የሚቀራረብ ሊሆን ስለሚችል ያኔ ሌላ ብስክሌት መግዛት ማሰብም ተገቢ ነው።

ሹካ ሲለወጥ የሚሠራ አንድ ትልቅ ስህተት አለ። 63 ሚሊ ሜትሩን አውጥቶ 100 ወይም 120 የሚወርድ የማውንቴን ሹካ መግጠም፤ «ከበዛ ይሻላል» በሚል። ፍሬም ለአንድ የሹካ ርዝመት ተሰልቶ የተሠራ ነው። ሹካው በ20 ሚሊ ሜትር ሲረዝም የመሪው ዘንግ በአንድ ዲግሪ ገደማ ወደ ኋላ ይተኛል። አርባ ሚሊ ሜትር ሲረዝም የፊቱ ጎማ ዳገት ላይ መንሳፈፍ፣ መሪው በዝግታ ሲሄዱ መውደቅ ይጀምራል፤ መቀመጫውም ወደ ኋላ ያዘነብላል። ከሁሉ የሚከፋው የማይታየው ነው። የረዘመው ሹካ እንደ ረጅም ዘንግ ሆኖ የፍሬሙን የፊት መጋጠሚያ በየምቱ ያጥፈዋል፤ ቀጭን አልሙኒየም ለዚያ አልተሠራም፣ ስንጥቁም የሚጀምረው እዚያው ብየዳው ሥር ነው። የሹካው አንገትም ሌላ ወጥመድ ነው፤ ብዙው የቆየ ሃይብሪድ 28.6 ሚሊ ሜትር ቀጥ ያለ አንገት ሲቀበል፣ አዳዲስ ሹካዎች ወደ ታች እየሰፋ የሚሄድ አንገት አላቸው፣ አይገቡም።

በአብዛኛው ከተማ ውስጥ ለሚነዳ ሰው የምመርጠው ሌላውን መንገድ ነው፤ ከሰፊው ጎማ በኋላ ባለሞላውን አውጥቶ ሞላ አልባ ሹካ መግጠም። ከፊቱ አንድ ኪሎ ወይም ከዚያ በላይ ይቀንሳል፣ ፍሬን ሲይዙ አፍንጫው አይደፋም፣ ዳገት ላይ ፔዳል ሲረግጡ ሞላው የሚውጠው ጉልበት ይቀራል፣ በየጊዜው ተፈቶ የሚጸዳና ቅባት የሚፈልግ ዕቃም አይኖርም። አንድ ሁኔታ ብቻ መሟላት አለበት፤ አዲሱ ሹካ ለባለሞላ ፍሬም ተብሎ የረዘመው ዓይነት መሆን ይኖርበታል። የተለመደው አጭር ሞላ አልባ ሹካ ከገባ አሁን ደግሞ አፍንጫው ይወድቅና መሪው ይቀብጣል። ስለዚህ አሮጌው ሹካ ከመፈታቱ በፊት ብስክሌቱ ላይ ማንም ሳይቀመጥ ከፊት ጎማው ዘንግ መሃል አንስቶ ሹካው ፍሬሙን እስከሚነካበት አናት ድረስ በሜትር ይለካል። ነጂው ሲቀመጥ ሞላው በክብደቱ የሚወርደው ከ10 እስከ 15 ሚሊ ሜትር ያህል ከዚያ ይቀነስና ቁጥሩ በወረቀት ይጻፋል፤ የአንገቱ ውፍረትና የፍሬኑ ዓይነት ከሥሩ ይጨመራል፤ ወደ ሱቅ የሚኬደው ያንን ወረቀት ይዞ ነው።